አመዳይ የያዘው ሣር

በካሪክሞር ከተማ ሰው ዝናብ ስጠን ብሎ አይለምንም፤ በቃችሁ በለን ነው የሚለው። ሣሩም እንደ ሰዉ ነው። ጥማት የሚባል አያውቅም፣ የሚገድለው እርጥበቱና ብርዱ ነው። የሜዳው ጠባቂ አቶ ዱጋልድም ዕድሜያቸውን የፈጁት ሣር ውሃ በማጠጣት ሳይሆን ከሣር ሥር ውሃ በማስወገድ ነበር።

ሜዳው የአንድ የጨዋታ ክበብ ነው። የከተማው ሽማግሌዎች በበጋ ከባድ የእንጨት ኳስ እያንከባለሉ የሚጫወቱበት፣ እየተነጫነጩም የሚታረቁበት አራት ማዕዘን ሣር። የአቶ ዱጋልድ ቤት በሜዳው ዳር ናት፤ ትይዩው፣ ከማዶ፣ የአውቶቡሱ ማቆሚያ አለ። ጉልበታቸው ሲከዳቸውና ማጎንበስ ሲያቅታቸው ክበቡ ሩሪን ቀጠረላቸው።

ሩሪ ከባራ ደሴት የመጣ፣ ምላሱ የማያርፍ ጎረምሳ ነበር። ካቶሊክም ነበር። አቶ ዱጋልድ ደግሞ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ካቶሊክ ሜዳቸው ላይ ቢሠራ ግድ አልነበራቸውም፤ ማዕዳቸው ላይ ቢቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጃቸው ኢሽቤል መጀመሪያ ያየችው በመስከረም፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሣሩ መሐል በእርጥበት የሚያድገውን የድንጋይ ሽበት ሲነቅል ነው።

«ጥፋቱ የራስህ ነው» አለችው። «እስከ ሥሩ ላጨኸው። የተላጨ ሣር ይደክማል፤ ሲደክም ይኼ ሽበት ይወርረዋል።»

«አባትሽ ሲጮሁብኝ ውለዋል፤ አሁን ደግሞ አንቺ? ስንት አለቃ ነው ያለኝ?»

«ሁለት።»

«ደኅና። አንዷ እንኳን ቆንጆ ናት።»

አልሳቀችም። ቤት ገብታ ግን እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ብዙ ቆመች።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሰበብ ሆነላቸው። አፈሩ ሙቀቱን ሳይጨርስ የተራቆተውን ቦታ አብረው ዘሩ። እሱ ውሃው እንዲሰርግ ሜዳውን በመንሽ እየወጋ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ እሷ በየቀዳዳው አሸዋ በመጥረጊያ እየሞላች ትከተለው ነበር። አንዳንዴ ቀና ይልና ያያታል። እሷም ታየዋለች። መጥረጊያውም መንሹም ይቆማሉ፤ ከዚያ አንዳቸው ስለ አየሩ አንድ ነገር ይሉና ሥራው ይቀጥላል። ኢሽቤል ከዚያ በፊት ደስ ብሏት አያውቅም ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ሩሪ ቆቡን በእጁ ይዞ አቶ ዱጋልድ ፊት ቆመ።

«ሜዳዬን አምኜ ሰጥቼሃለሁ» አሉት። «ልጄን ግን በቁሜ ለካቶሊክ አልሰጥም።»

ሩሪ አልተከራከረም። ማታውን ኢሽቤልን አጥሩ ሥር አገኛት።

«ካናዳ ያለው ወንድሜ ና ብሎኛል። ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱን እይዛለሁ፣ ቅዳሜ መርከቡ ከግላስጎ ይነሣል። ነይና አብረን እንሂድ።»

«አባባንስ ማን ያጎነብስላቸዋል?»

«እሱን አላውቅም። ከዓርብ በኋላ እስከ ሰኞ ሌላ አውቶቡስ የለም፤ ይኼን ነው የማውቀው።» ቆቡን ራሱ ላይ ደፋ። «ካልመጣሽ አልቀየምሽም። ግን አድራሻዬን አትጠይቂ። ደብዳቤ እያነበብኩ ማርጀት አልፈልግም።»

ዓርብ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወደ በሩ ስትወጣ አባቷ እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። ሻንጣውን አዩ። ሲጮሁ፣ ሲረግሙ ጠብቃ ነበር።

«ሻርብሽን ደርቢ» አሉ። «ውጭው በጣም በርዷል።»

መሄድ ትችላለች ማለት ነው። ሻርቧን ደረበችና ወጣች።

ሜዳው ነጭ ሆኖ ነበር፤ ሌሊቱን አመዳይ ይዞታል። ከማዶ ማቆሚያው ጋ ሩሪ ቆሟል፤ ቆቡን አነሣላት። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። በሜዳው መሐል ብትቆርጥ ቅርብ ነበር፣ ሮጣ ትደርሳለች።

አመዳይ የያዘው ሣር ግን አይረገጥም። ቅጠሉ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ የጫማው ዳና ጠቁሮ እስከ ሚያዝያ ይቆያል። ኢሽቤል በልጅነቷ በዚህ ተገርፋለች። በዚያ ቤት ከጸሎት ቀጥሎ የተማረችው ነገር ይኼ ነው።

ሣሩ ጫፍ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ከዚያ ወደ ጎን ዞረ። አላሰበችበትም፤ እግሯ ራሱ ነው የዞረው። በክበቡ ቤት ጀርባ በሚያልፈው መንገድ፣ ሻንጣው ጉልበቷን እየመታት ሮጠች። ከቤቱ ጀርባ ሆና ሩሪን ማየት አልቻለችም፤ እሱም እሷን አያያትም። የአውቶቡሱን በር ድምፅ ሰማች።

«ሩሪ!» አለች። ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። ማቆሚያው ጋ ስትደርስ አውቶቡሱ በወዲያኛው መታጠፊያ እየተሰወረ ነበር።

ዳቦ ሻጯ ኤፊ ሱቋ በር ላይ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች።

«ወይ የኔ ልጅ! እየመጣሽ ነበር እንዴ?»

«ሩሪ ምን አለ?»

ኤፊ መናገሩን አልወደደችውም። «ሣሩ ጋ ስትደርሺ ቆመሽ፣ ዞር ብለሽ ስትሄጂ አይቶሻል። 'ለእኔ ብላ ሣር እንኳ አትረግጥም' አለና ገባ።»

ኢሽቤል በመጣችበት መንገድ፣ በዳሩ ዞራ ተመለሰች። አቶ ዱጋልድ ጉልበታቸው እንዳይሆን ሆኖ፣ መስኮቱን ይዘው ቆመው ነበር። ሁሉንም አይተዋል።

«ለምን ዞርሽ?» አሏት።

«አመዳይ ይዞታል፣ አባባ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ እኮ እዚህ ሆኜ እርገጪው፣ እርገጪው እልሽ ነበር። ሣር ነው እኮ ልጄ። በሚያዝያ ተመልሶ ይበቅላል።»

«አይረገጥም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ክንዳቸውን ይዛ ወደ ወንበራቸው መለሰቻቸው። ከዚያ ሻርቧን አውልቃ የገንፎውን ድስት ጣደች፤ ቁርሳቸውን ገና አልበሉም ነበር።