ከጨርቁ ኋላ ያለው አንድ ሜትር

ያን ዕለት መዶሻውን ለምን አልጣልኩትም?

ጸጉሬ ሸብቶም መልሱን አላገኘሁትም...

የምነግራችሁ ነገር የሆነ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄም የሠራሁት ነው።

የጀመረው ሚያዝያ 1973 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ በመስኮት ትገባ ነበር።

ኢዶሳ እባላለሁ። ፎቶግራፍ አምስት ዓመት የተማርኩት ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ነው። ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ቱሉ ቤት አልነበረም። በ1970፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የቀበሌው ጥበቃዎች ወስደው እዚያው አዳራሽ ውስጥ አስረውት ነበር። ሲወስዱት እግሩ ላይ የነበረው ስሄድ የተውኩለት ነጭ ሸራ ጫማ ነው። የቀኙ አፍንጫ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለው፤ ከመሄዴ በፊት ፎቶ ቤት ስሠራ ያፈሰስኩበት መድኃኒት።

እናቴ ጫልቱ በየቀኑ ምሳ ታደርስለት ነበር። አንድ ቀን ሳህኑን ተቀብለዋት ገቡ...

ሳህኑም አልተመለሰ፣ ልጇም አልተመለሰ።

"ሞቷል" ያላት የለም። "ተዛውሯል" ነው ያሏት። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሯን ሳትቀረቅር ታድር ነበር።

እኔን ሥራ ያስገባኝ ያው ቀበሌ ነው። የነዋሪውን የመታወቂያ ፎቶ አንሳ ተባልኩ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር? አልሞከርኩም። እዚያ ቤት ከዋልኩ አንዱ የቱሉን ነገር ሹክ ይለኛል ብዬም ነበር።

አዳራሹ የሁሉም ነው። ጠዋት መሠረተ ትምህርት፣ ከምሳ በፊት የሴቶች ማኅበር፣ እሁድ ስብሰባ። የእኔ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። የፎቶ ዕቃዬን በየቀኑ ተክዬ በየቀኑ እነቅላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት የብረት ቱቦዎች በሲሚንቶ በተሞሉ የዘይት ቆርቆሮዎች ላይ አቆምኩ። በላያቸው አግዳሚ ቱቦ አጋደምኩ። ከአግዳሚው ላይ ነጭ አቡጀዲ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩ። የጨርቁ ጫፍ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል።

የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ ነገሳ ቆመው ያዩኛል።

"ግድግዳው ላይ አትቸነክረውም?"

"የሰውየው ጥላ ያርፍበታል ጋሼ። ከግድግዳው አንድ ሜትር መራቅ አለበት።"

"ማን አለ?"

"መጽሐፉ።"

"መጽሐፉን የጻፈው ሰው እዚህ አዳራሽ ገብቶ ያውቃል?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ጠጋ ብለው በሹክሹክታ...

"ልጄ፣ መቆሚያ አትተውላቸው።"

"ለእነማን?"

መጥረጊያቸውን አንስተው ሄዱ።

ከጨርቁ ኋላ ዞሬ አየሁ። ባዶ ግድግዳ። ከደረት በታች ብቻ አዲስ ኖራ ተቀብቷል።

መስኮቶቹ ዝግ ነበሩ። ጨርቁ ግን መሃሉ ላይ ወጣ ብሏል... ትከሻ የተደገፈበት ይመስል።

ነፋስ ነው አልኩ። ላይፕዚግ የተማረ ሰው ሌላ ምን ይላል?

በመጀመሪያው ሳምንት ሰው የሚመጣው እየተጎተተ ነበር። በሁለተኛው ሰልፉ ከበር ውጭ ወጣ። ያነሳኋቸው ሴቶች እንደገና መጡ። የሁሉም ልጆች በ1970 የተወሰዱ ናቸው።

"እትዬ አፀደ፣ የእርስዎ ፎቶ እኮ ባለፈው ሰኞ ወጥቷል።"

"አሮጊት አድርገህ አነሳኸኛ! ድገመው።"

"ካሜራው ምን ያድርግ?" አለች ከኋላ ያለችው። "ያየውን ነው ያነሳው!"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ አፀደ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ጀርባቸውን ወደ ጨርቁ አስጠጉ።

"ቶሎ አታንሳኝ፣ ልጄ..."

ቀጣይዋም እንዲሁ አለች።

ከእሷ ቀጥላ የመጣችውም።

ፎቶዎቹን ሳጥብ ሁሉም አንገታቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገዋል። በጆሮው የሚነግሩት ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው...

ሐሙስ ዕለት እማዬ መጣች።

ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እኔ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ጭንቅላቴን ከተትኩ። ካሜራዬ የድሮ ባለ ሳጥን ነው፤ ከኋላው ያለው መስታወት ሙሉ ሰውን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ለመታወቂያው ፊቱን ብቻ ቆርጬ አወጣለሁ። ጭንቅላት ከታች፣ እግር ከላይ።

የእማዬን እግሮች አየሁ።

ከነሱ ኋላ፣ በጨርቁና በወለሉ መካከል... ሌሎች እግሮች።

ብዙ እግሮች። ባዶ እግር። ኮንጎ ጫማ። ተጨናንቀው ቆመዋል።

መሃል ላይ ነጭ ሸራ ጫማ። የቀኙ አፍንጫ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ።

ጭንቅላቴን አወጣሁ። በዓይኔ ሳይ ወለሉ ባዶ ነው።

"ኢልማ ኮ..." አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ። ልጄ ማለቷ ነው።

እኔን አልነበረም።

ቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ይቀዘቅዛል" አለችኝ። "ሹራብ ሳያደርግ ነው እኮ የወሰዱት።"

"ምን አለሽ?"

"አይናገርም። ትከሻዬን ብቻ ነው የሚይዘኝ። አንተ ወረቀት ስጠው። የት እንዳደረጉት ይጻፍልኝና ለቅሶዬን ልቀመጥ።"

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደሰንበት መጣ። ሰልፉን አየ።

"ይሄ ፎቶ ቤት ነው ወይስ ደጀ ሰላም?" አለኝ። "ነገ ጠዋት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይቸንከር። እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ።"

የቀረኝ ያ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር።

ሴቶቹን መለስኳቸው። በሩን ዘጋሁ። ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩ...

"ቱሉ፣ የት ነው ያደረጉህ? እማዬ ለቅሶ ልትቀመጥ ትፈልጋለች።"

ወረቀቱን እርሳሱ ላይ ጠቅልዬ፣ ተንበርክኬ፣ ከጨርቁ ስር አሳለፍኩ።

ከወዲያ በኩል ሳብ ተደረገ። ቀስ ብሎ... ከጣቶቼ መካከል ወጣ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ምንም።

ጨርቁን ገለጥኩ። ኖራ ብቻ። ወረቀትም እርሳስም የለም።

ጠዋት ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ቆመ፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። ጋሽ ነገሳ ምስማር ያቀብሉኛል። አቡጀዲውን ግድግዳው ላይ ወጥሬ ምስማሩን በመዶሻ መታሁ። በጨርቁና በግድግዳው መካከል ጣት አይገባም።

ስምንት ምስማር ነበር። የመጨረሻው ከታች፣ በቀኝ ጥግ። ተንበረከክኩ። ጆሮዬ ከጨርቁ ጋር ተጠጋ።

ጭር... ጭር... ጭር...

እርሳስ ወረቀት ላይ።

ይፈጥናል። ፈተና ላይ ደወል የተደወለበት ተማሪ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ነገሳን ቀና ብዬ አየኋቸው። ሰምተዋል። ምስማሩ ከእጃቸው ወድቋል። ጎንበስ ብለው አነሱና... ሰጡኝ።

"ምን ትጠብቃለህ፣ ጓድ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

መታሁት።

የእርሳሱ ድምፅ ቆመ።

ማታ እማዬ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"መለሰልህ?"

"አልመለሰም" አልኳት።

በሩን ሳትቀረቅር ገብታ ተኛች።