አልቀዘቅዝ ያለው ቤት

ምናሴ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን አያወልቅም። ጅዳ ውስጥ በትልልቅ ሆቴሎች ኮርኒስ ላይ ሲሳብ ዓመታት አሳልፎ ድሬዳዋ ከተመለሰ ወዲህ፣ በከተማው የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን የሚያውቅ እሱ ብቻ እንደሆነና ማሽን የሚያበላሽ ግን ሁሉም እንደሆነ አምኖ ተቀምጧል። ፊልተሩን ሳያጥቡ ዓመት ከርመው «ጋዝ አልቆበት ነው» ይሉታል፤ መስኮቱን በርግደው «አላቀዘቅዝ አለን» ብለው ያስጠሩታል፤ ሲነግራቸው ደግሞ እንደ ሰሚ ራሳቸውን ይነቀንቁና እሱ ሲወጣ መስኮቱን መልሰው ይከፍታሉ። ረዳት ይዞ አይሄድም። ረዳት ማለት ለእሱ ካቻቪቴ የሚጠፋበት መንገድ ነው።

የዚያን ቀን የተጠራው ከዚራ ሰፈር ነበር። ሱቆች ተዘግተው፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በተጋደመበት፣ ቁራዎች እንኳ ዝም ባሉበት የከሰዓት ሙቀት ፒካፑን ኒም ዛፍ ስር አቁሞ የግቢውን በር በቁልፉ ቆረቆረ። የከፈተችለት የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺመቤት ናት፤ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ባሏ አቶ ልሳኑ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት። ግቢው መሀል አልጋ ተዘርግቶ አጎበር ተሰቅሎበታል። በሙቀት ወራት ደጅ ማደር ለድሬ ሰው ብርቅ አይደለም። ለመላ ቤቱ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ያስገባ ሰው ደጅ ሲያድር ግን ምናሴ አይቶ አያውቅም፤ ሳቁንም አልደበቀም።

«ማሽኑ ቤት ውስጥ፣ አንቺ ደጅ» አላት።

«ቤቱ አልቀዘቅዝ አለ።»

«ፊልተር ነው።»

«ይሆናል። ከአንተ በፊት የመጡትም እንደዚያ ብለው ነበር። ኮርኒሱ ላይ ወጡና ወረዱ፤ ምንም ሳይሉኝ ሄዱ።»

«አይጥ አይተው ይሆናል።»

«ምናሴ ማንንም አይሰማም አሉኝ» አለች። «ለዚህ ነው ያስጠራሁህ።»

ምናሴ ይህን እንደ ሙገሳ ወሰደው።

ቤቱ ውስጥ ሲገባ የተቀበለው ሙቀት የደጁ ዓይነት አልነበረም። የደጁ ደረቅ ነው፤ ይፋጃል፣ አፍንጫ ያደርቃል፣ ግን ንፁህ ነው። ይህኛው እርጥብና ለስላሳ ሆኖ፣ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ካደረበት ክፍል በሩ ሲከፈት እንደሚወጣው አየር ፊቱ ላይ ተለጠፈ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሃያ ላይ ተሞልቷል፤ የቤቱ ሙቀት ግን ሰላሳ ሰባት ይላል። ፊልተሩን ሲመዝዝ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ አቧራ ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው አዲስ የመሰለ ፅዱ ፊልተር ነው፤ አንዲት ብናኝ የለበትም፤ ግን እርጥብ ነው፤ እርጥበቱም ጣቱ ላይ ሲነካካ እንደ ውሃ ሳይሆን ትንሽ ይለጠጣል። ሱሪው ላይ ጠርጎት ወደ ጓሮ ወጣ።

የውጭው ማሽን እንደ ሰዓት ይሰራል። ቱቦው በላብ ርሷል፤ ጌጁን ሲያስር ጋዙ ልክ ነው። ተመልሶ የውስጡን ማሽን ክዳን ቢከፍት የሚወጣው ቅዝቃዜ ጣት ያቃጥላል። እንግዲህ በረዶ የመሰለ አየር ከማሽኑ ይነሳል፤ ኮርኒሱ ላይ በተዘረጋው የላሜራ ቦይ ያልፋል፤ ክፍሎቹ ጋ ሲደርስ ይሞቃል። ቦዩ የሆነ ቦታ ተቀዷል ማለት ነው፤ የጣራውን ሙቀት እየሳበ ነው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አህያ አለመሆን ይበቃል፤ ከእሱ በፊት የመጡት ግን ያንን እንኳ አላሟሉም ሲል አሰበ።

ለማረጋገጥ ያህል ቴርሞሜትሩን ይዞ በየክፍሉ የአየር መውጫ ፍርግርግ ስር ቆመ። ሳሎን ሰላሳ ሰባት። መኝታ ቤት ሰላሳ ሰባት። ከማሽኑ እጅግ የራቀው የእንግዳ ክፍልም ያው። ቀዳዳ ያለበት ቦይ ለአንዱ ክፍል ሞቆ ለሌላው ይቀዘቅዛል እንጂ እንዲህ እኩል አያከፋፍልም። ቴርሞሜትሩን እንደ ተበላሸ ሬዲዮ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ስንት ይላል?» አለች ሴትዮዋ። በረንዳው ላይ ቆማለች፤ ደፉን አልተሻገረችም።

«ሰላሳ ሰባት።»

«የጤነኛ ሰው ሙቀት ነው።»

ምናሴ ትቷት ወደ እንግዳው ክፍል ተመለሰ።

እዚያ ከፍርግርጉ ስር ቆሞ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። ነፋሱ ይመጣል፤ እየሰነፈ ይሄድና ይቆማል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ይነሳል። ማራገቢያ እንዲህ አይሰራም፤ አንዴ ከተነሳ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ድምፅ ነው። ሽታም ነበረው፤ የሞተ አይጥ ወይም የሻገተ ጥጥ ቢሆን ባወቀው፤ ይህ ግን እህል ሳይቀምስ ረጅም እንቅልፍ የተኛ ሰው ሲነቃ የሚያወጣው የአፍ ሽታ ነው። ወደ ቆጣሪው ሄዶ የማሽኑን ኃይል አጠፋና ተመለሰ። ቤቱ ፀጥ አለ። የጓሮው ማሽን ድምፅ ሞተ። ከፍርግርጉ ላይ ያለው ነፋስ ግን ሳይቸኩል መጣ፤ ቆመ፤ መጣ።

«የጣራ ነፋስ» አለ ምናሴ ጮክ ብሎ። ደጅ የኒም ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

መሰላሉን ኮሪደሩ ላይ አቁሞ የኮርኒሱን መውጫ ገፍቶ ወጣ። ከቆርቆሮው በታች ያለው ጨለማ እንደ ምድጃ ይነዳል። ዋናውን ቦይ በባትሪ ሲያየው ከንፈሩን አጣመመ፤ አቶ ልሳኑ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሰፊ ከሆነ ይበልጥ ያቀዘቅዛል ብሎ ሰው በሆዱ ተኝቶ የሚሳብበት ቦይ አሰርቷል። የቦዩን ጎን ፈትቶ ገባ። ላሜራው ውስጥ እንደ ጣራው አይፋጅም፤ ለብ ያለ ነው፤ ክርኑ በነካው ቁጥር ትንሽ ረገብ የሚል። ከዓመታት በኋላ መሬቱ በአቧራ መሸፈን ነበረበት፤ እሱ ያገኘው ግን ብዙ ሰው እየረገጠ እንዳሳሳው የደጀ ሰላም ድንጋይ ተልጎ የሚያበራ ላሜራ ነው።

ቦዩ የሚያልቀው የቤቱ ግድግዳ ጋ ነው። ከግድግዳው ወዲያ መንገዱ አለ፤ ፒካፑን ያቆመው እዚያው ግድም ነው። ሆኖም ቦዩ ጫፍ ላይ የሳፋ አፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ ሙቀቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ምናሴ እጁን ሰደደ፤ እስከ ትከሻው ገባ፤ ድንጋይም፣ ቆርቆሮም፣ የመንገዱ ፀሐይም አልነካውም። ባትሪውን አስጠግቶ ሲያበራ፣ ብርሃኑ ከደረሰበት ጥግ ላይ እርጥብ የሆነ ነገር ለቅፅበት አብለጨለጨና ዓይን እንደሚከደን ተከደነ። ከዚያ ጨለማው ብቻ ነበር። ነፋሱ ቆሞ ነበር፤ ትንፋሽ የያዘ ሰው እንደሚያደርገው በጣም ለረጅም ጊዜ ቆመ።

ልቡ ሲደልቅ ላሜራው ያስተጋባው ነበር። ያንን ድምፅ መስማቱ ከሁሉ ይበልጥ አናደደው። ውሃ ነው፤ የቋጠረ ውሃ ነው። እነዚያ ሰነፎች ይህንን አይተው ነው የሮጡት።

ወርዶ በረንዳው ላይ ላሜራ ሲቆርጥ እትዬ የሺመቤት ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«አገኘኸው?»

«ቀዳዳ ነው። ባልሽ ያሰራው ሰው ጫፉን ሳይደፍን ሄዷል። ልደፍነው ነው።»

እጇ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቆመ። «እንግዲያው ሳትወጣ አንድ ነገር ልንገርህ። ስትዘጋው…»

«እትዬ፣ እኔ ወጥ አሰራር ላስተምርሽ መጥቻለሁ?»

«አልመጣህም።»

«ስወርድ ትነግሪኛለሽ።»

ወንበሯን ወደ ነበረበት መለሰችና ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች። ምናሴ ሴቶች ሲያኮርፉ እንደሚወድ እያሰበ መሰላሉን ወጣ።

በዚህኛው ጉዞ ቦዩ ውስጥ ምንም ነፋስ አልነበረም። ላሜራውን ከፊቱ እየገፋ፣ መብሻውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተሳበ፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ከውስጡ የሚመጣው አየር ተራ የድንጋይ ቅዝቃዜ ሆኗል፤ እንደ አሮጌ ጉድጓድ፣ ማንም እንደሌለበት ቤት። ይህ ሊያስገርመው ሲገባ አስደሰተው፤ ላሜራውን አስጠግቶ የመጀመሪያውን ቪቴ አሰረ። ሁለተኛውን ሲያስር ማጅራቱ ላይ ለብ ያለ ነገር አረፈበት። ላቡ መሰለው። ላብ ግን ይወርዳል እንጂ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ደግሞ አይመጣም። ቦዩ ዞሮ ለማየት አይበቃም፤ አንገቱን ሲያጠማዝዝ የሚያየው የራሱን ትከሻና ከእሱ ወዲያ ያለውን ጨለማ ነው። መገጣጠሚያው ያፈሳል፤ ከኋላ ያለው መገጣጠሚያ ያፈሳል ማለት ነው፤ የሠራው ሰው እጁ ይቆረጥ እያለ ቪቴዎቹን ቶሎ ቶሎ አጠበቀ፤ የሚገባውን ያህል ሳይጠብቁም ተዋቸው።

መውጣት የሚችለው እግሩን አስቀድሞ ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ጥቂት እንደተሳበ ጫማው ለስላሳ ነገር ነካ። ፋይበር ነው፤ ጣራ ላይ የሚነጠፈው ፋይበር። ግን ፋይበር ቦይ ውስጥ አይነጠፍም፤ ደግሞም ፋይበር ሲነካ እዚያው ይቀራል እንጂ፣ በጠባብ መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ሲያሳልፍ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተጠግቶ መንገድ አይለቅም። ምናሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። በጎኑ፣ ከወገቡ እስከ ትከሻው ድረስ፣ የሆነ ሙቀት ታክኮት አለፈ። መሰላሉ ላይ እግሩ አርፎ የኮሪደሩን ብርሃን ሲያይ ግን ያ ሁሉ የጠባብ ቦታ ጭንቀት እንደሆነ ለራሱ ነገረው፤ አመነውም፤ ራሱን ያላመነበት ጊዜ የለማ።

ኃይሉን መለሰ። ማሽኑ ተነሳ፤ ከየፍርግርጉ የሚወርደው አየር ቀዘቀዘ፤ ብዙም ሳይቆይ የሳሎኑ መስታወት ጉም ለበሰ። ሽታው ጠፍቷል። ነፋሱ አንድ ወጥ ድምፅ ነው። ምናሴ በረንዳው ላይ ብቅ ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ነይ ግቢ፤ ጋቢ ያዥ እንጂ» አላት።

ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሳች። አልቀረበችም።

«ስትዘጋው» አለች፣ «ሙቀቱ ከፊትህ ነበር ወይስ ከኋላህ?»

«ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ከፊትህ ነበር?»

«ከኋላዬ» አለ ምናሴ በመሰልቸት። «መገጣጠሚያው ያፈሳል። ሌላ ቀን አስጠግኚው።»

እትዬ የሺመቤት ትክ ብላ አየችው፤ እሱ ሙገሳ ሲጠብቅ ፊቷ ላይ ያነበበው ሀዘኔታ ነበር፤ ሰው ሲታዘንለት ደግሞ እንደ ምናሴ የሚጠላ የለም። ከዚያ በጎኑ ዞራ፣ ልብሷ እንዳይነካው ሰብሰብ አድርጋ፣ ደፉን ተሻገረች። ቅዝቃዜው ፊቷን ሲያገኘው ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ሳበች። መኝታ ቤቷን፣ ሳሎኗን፣ ከአገር ቆይቶ እንደተመለሰ ሰው እየዳበሰች ዞረች። ስትመለስ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«በጊዜው ልነግርህ ፈልጌ ነበር» አለች።

«ሰርቼልሻለሁ አይደል? ሌላው ወሬ ነው።»

«ልክ ነህ። ሰርተህልኛል።»

ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ግቢው በር ሲሄድ ፊት ፊቱን ቀደመችው። ማጅራቱ ይሞቀው ነበር፤ ጥላ ውስጥ ነው የሚራመደው፤ በመሀረብ ጠረገው፤ ደረቅ ነው። ሴትዮዋ የበሩን ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተች፤ ለአንድ ቦርሳና ለአንድ ሰው መኪና የሚያስገባ በር መክፈቷ እንደ ሌላው ጅልነቷ ሁሉ ታየው።

«በሉ፣ ደህና ግቡ» አለች።

የድሬ ሰው ለሽማግሌም ለሹምም አንቱ እንደማይል ያውቃልና ምን ነክቷት ነው ብሎ ዞር ሲል፣ እትዬ የሺመቤት እሱን እያየች አልነበረም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ መዝጊያውን በእጇ ደግፋ፣ ከኋላው እያዘገመ የሚመጣ እንግዳ ደፉን እስኪያልፍለት እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየችና፣ ከዚያ በሩን ዘጋችው።