ከሰባተኛው መኪና ሥር ያነሳሁት ድንጋይ

ሌሊት አልነበረም። ሕልምም አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ የራሴ ደጃፍ ላይ የሆነ ነው። በ1978 ዓ.ም.። ወላሂ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ኩብራ እባላለሁ። ያኔ ከገበያው ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ ከስድስት ዓመት ልጄ ከሙስሊማ ጋር እኖር ነበር።

ቀበሌው አስፋልቱ ተጨናነቀ ብሎ የጭነት መኪኖቹን ሁሉ ወደ እኛ ሰፈር ነዳቸው። መሀል ከተማው አማረበት... እኛ ግን ከበራችን መውጫ አጣን። ጫት ሊጭኑ የመጡ ሰባት መኪኖች ቁልቁለቱ ላይ ይደረደራሉ። ሾፌሮቹ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አድርገው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ልጆቻችን የሚጫወቱት ደግሞ ከታች ነው። አቤት ብንል ማን ይስማን?

የሰሙን አባባ አብዶ ብቻ ናቸው። ጎረቤቴ፣ ቀኝ እጃቸው ላይ ሦስት ጣት ብቻ የቀራቸው ሽማግሌ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላይ ጀምረው ይወርዳሉ። እያንዳንዱን መኪና በዱላቸው ኳ ኳ ያደርጉና ጎንበስ ብለው ታኮውን ያያሉ።

"አለ" ይላሉ።

ሰባት ጊዜ "አለ" ሲሉ ከሰማን የእናቶቹ ልብ ያርፋል።

ማክሰኞ ዕለት ሞቱ። በዚያው ቀን ተቀበሩ። ዱላቸውን ባለቤታቸው ሀሊማ በደሳ ከተማ ላለው ወንድማቸው ላከችው። ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ተባለ። መኪና እንዳይቆም የአስፋልቱ ዳር በድንጋይ ይታጠር፣ ድንጋዩም ኖራ ይቀባ አሉ። ከየቤቱ አምስት አምስት ድንጋይ።

አራት አገኘሁ። አምስተኛው ጠፋ። ፀሐዩ አናዶኛል፣ ቀበሌው አናዶኛል... ደጃፌ ላይ ከቆመው ከሰባተኛው መኪና ጎማ ሥር ያለውን ጎትቼ አወጣሁት። የእጅ ፍሬን የለውም እንዴ፣ አቦ! መኪናው ንቅንቅ አላለም። ድንጋዩን ወስጄ ኖራ ቀባሁና አስፋልቱ ዳር አስቀመጥኩት። ሌላ ድንጋይ አምጥቼ እተካለሁ ብዬ ነበር... ረሳሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ኳ... ኳ።

"አለ።"

ጎረቤቴ ዘርፈሽዋል ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ኩብራ... ሰማሽ?" አለች በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

ኳ ኳ። "አለ።" ኳ ኳ። "አለ።" ድምፁ እየቀረበ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ግን ሰው የለም። ስድስት ቆጠርኩ።

ሰባተኛው ላይ ደረሰ። ኳ... ኳ።

ዝም።

ያን ጊዜ ድንጋዩ ትዝ አለኝ። ሙስሊማ ደግሞ ከዚያ መኪና በታች ቁጭ ብላ በአፈር ትጫወታለች። ሮጬ ስወጣ ብረቱ ሲጥ አለ፣ ጎማው መዞር ጀመረ። ልጄን በክንዷ ጎትቼ አብሬያት ወደቅኩ።

መኪናው አንድ ስንዝር ሄዶ ቆመ።

ጎማው ሥር ድንጋይ አለ። ያው የእኔው ድንጋይ... አስፋልት ዳር ያስቀመጥኩት። ኖራው እርጥብ ነው። ላዩ ላይ የሦስት ጣት ምልክት አለበት።

ከማግስቱ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚንኳኳው የእኔ በር ሆነ። ሁለት ጊዜ። ስከፍት ማንም የለም። ስዘጋው ግን ከበሩ ወዲያ ትንፋሽ እሰማለሁ... መልስ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠይቀኝ ገባኝ። ዞር ብዬ ሙስሊማን አይና "አለች" እላለሁ። ያኔ ዱላው እየራቀ ይሄዳል።

መጀመሪያ ላይ በሩን የምከፍተው ቢስሚላሂ እያልኩ ነበር። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ለመድኩት።

አንድ ሐሙስ ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ነው።

ኳ... ኳ።

ቀና እንኳ አላልኩም። "አለች" አልኩ።

ዱላው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዞር አልኩ። ሙስሊማ የለችም። ጫማዋ ብቻ በሩ ሥር ቀርቷል።

ወጣሁ። ደጃፌ ላይ ሰባት ድንጋዮች ተደርድረዋል፣ ሁሉም እርጥብ ኖራ ተቀብተዋል። ቀና ብዬ ቁልቁለቱን አየሁ። ሰባቱም መኪኖች ቆመዋል። የአንዳቸውም ጎማ ሥር ታኮ የለም።

ልጄ ላይኛው መኪና አጠገብ ናት። ወደ በደሳ የሄደውን ዱላ ይዛለች። ኳ ኳ አደረገችና ጎንበስ ብላ ባዶውን ጎማ አየች።

"አለ" አለች። ድምፁ የእሷ አልነበረም።

ስሟን ጠራሁ። አላየችኝም። ወደ ሁለተኛው መኪና ወረደች።

ዱላውን የያዘችው በሦስት ጣት ነበር... ሁለቱን ወደ መዳፏ አጥፋ።