የሟች ዝምታ

ሽማግሌው ፕሮግራመር ጠዋት ኮምፒውተራቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። የተጋመሰው ሻይ ውስጥ ከልክ ያለፈ የልብ መድኃኒት ነበረበት። ስክሪኑ ላይ በእሳቸው ስም አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «እስማማለሁ»።

ክሊኒኮች የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበትን ነጻ ፕሮግራም ሃያ ዓመት ያለ ደመወዝ ጠብቀው ያቆዩት እሳቸው ናቸው። አሁን አንድ ኩባንያ ልጠቅልለው ብሎ መጣ። ከቀሩት አራት በጎ ፈቃደኞች፣ ማለትም ከእሳቸው፣ ከልጃቸው፣ ከተርጓሚውና ከአስተባባሪው፣ እምቢ ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ተቃውሟቸውንም ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ሊጽፉ ነበር።

ፖሊሶቹ ልጃቸው ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። ነርስ ናት፤ ትናንትም «ስጣቸውና እረፍ» እያለች ስትጨቃጨቃቸው ተሰምታለች። ለሰነፍ ፖሊስ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ኢንስፔክተሯ ግን ሰነፍ አይደለችም። ልጅቱን፣ ተርጓሚውንና አስተባባሪውን ለየብቻ ጠርታ፣ በዚህ ቡድን ውስጥ በቀረበ ሐሳብ የሚስማማ ሰው ምን እንደሚጽፍ ጠየቀቻቸው። ምንም አይጽፍም አሉ፤ ሦስት ቀን ዝም ካለ ተስማምቷል፣ የሚጽፍ የሚቃወም ብቻ ነው። ተርጓሚው «እኛ ጋ ዝምታ ወርቅ ሳይሆን ፊርማ ነው» ብሎ ቀለደ። አስተባባሪው ሽማግሌው ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ፈልገው ይሆናል አለ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ዝምታ ከበቃ ይቺን ቃል ማን ፈለጋት? ሽማግሌው ከሞቱ ዝምታቸው እንደማይቆጠር የሚያውቅ፣ ሳይሞቱ የተስማሙ ለማስመሰል የፈለገ ሰው። ትናንት ደንቡ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ፈቃደኛ ከሞተ ዝምታው አይቆጠርም፣ ውሳኔውም ይቆማል።»

«እኔ ጋ አልደረሰም» አለ ተርጓሚው።

«አልደረሰም። እዚህ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳየው ይመዘገባል። እንዲጨመር የጠየቁትና ያጸደቁት ሟቹ ናቸው።» ወደ አስተባባሪው ዞረች። «የጻፉት እርስዎ ነዎት። ሌላ የከፈተው የለም። ልጅቱ ብትሆን ስክሪኑን ባልነካችው፤ ዝምታው ይበቃት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

አስተባባሪው ድምፁን አላነሳም። «ሃያ ዓመት በነጻ ለፋን። ማን አመሰገነን?»

ሲወስዱት ልጅቱ የአባቷን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተርጓሚው ውሳኔው በደንቡ መሠረት መቆሙን፣ መጻፍ እንደማያስፈልጋት ነገራት።

«ይቆማል እንጂ አይሻርም» አለች። እንባዋ እየወረደ ጻፈች፦ «እቃወማለሁ። ምክንያት፦ አባቴ ዝም አላለም። እኔም አልልም።»

ደክሞኛል፣ ኩባንያው ይውሰደው ሲል የከረመው ተርጓሚ ሌላ ወንበር አመጣ።

«ስትጨርሺ ኪቦርዱን አቀብዪኝ» አላት።