ቦሩ ቢመጣ

ወንዲ መድኃኒት ቤቱ የገባው አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ከእግሩ አውራ ጣት የሚወርደው ደም ላሊሴ ጠዋት በወለወለችው ነጭ ወለል ላይ ነጠብጣብ ሠራ።

«ይቅርታ፣ ወለሉን አበላሸሁብሽ።»

«ወለሉ ይታጠባል። ቁጭ በል፤ ምን ቆረጠህ?»

«ጠርሙስ መሰለኝ። ገፈርሳ ነበርኩ።»

«ዳሩ ላይ?»

«ውስጡ።»

ላሊሴ ጓንቷን አጠለቀች። ቡራዩ ላይ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ሞተር የጣለውንም ውሻ የነከሰውንም ያያል። ግድብ ውስጥ ቆሞ የተቆረጠ ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም።

«አዲስ አበባ የሚጠጣው ውሃ እኮ ነው» አለችው ቁስሉን እየጠረገች። «እግርህን ልትታጠብበት ነው?»

«ዘበኛውም እንዲሁ ብሎ ነው ያባረረኝ።» የቆሰለ እግሩን አየ። «በር እየፈለግሁ ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። እውነቱን ተናግሮ ወዲያው የተጸጸተ ሰው ፊት ነበር። ከቦርሳው አፍ ብቅ ያለውን መጽሐፍ ያየችው ያኔ ነው። ሽፋኑ ላይ አንገቷን ያሰገገች ዝይ አለች። ላሊሴ ያቺን ዝይ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ታውቃታለች።

ፕላስተሩን ለጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች «የጻፈችው እናቴ ናት» አለች።

የወንዲ ጫማ ከእጁ ወደቀ።

*

መጽሐፉ «በረኛዋ ዝይ» ይባላል። ላሊሴ ከመወለዷ በፊት ታትሞ፣ ልጆች ከታላላቆቻቸው እየተቀበሉ እስኪገነጣጠል ያነበቡት መጽሐፍ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ገፈርሳ ሳይገደብ በሸለቆው ውስጥ የነበረ መንደር ከውሃው ሥር መኖሩን ቀጥሏል። እዚያ የባሕር ዛፍ ሥር መሰላል ነው፤ ገበያቸው ላይ የአምና ዝናብ በቅል ይሸጣል። አንዲት ልጅ ወደዚያ ገብቶ የቀረ ወንድም አላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው ዳር ትቆምና በሩን የምትጠብቀውን ዝይ «ወንድሜን ጥሪልኝ» ትላታለች። ዝይዋ አንገቷን አስግጋ «ቦሩ» ትላለች። ልጅቷ ትጠብቃለች። ማንም አይመጣም። እግሯ እንደራሰ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ዝይዋ ‹ቦሩ› አለች፤ ልጅቷም ፈገግ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።»

ወንዲ በልጅነቱ ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብቦ አልቅሷል። አሁን መጽሐፉን በሦስት ተከታታይ ፊልም ሊጽፈው ይፈልጋል። ገንዘቡን የሚያወጡ አቶ ካሳሁን የሚባሉ ፕሮዲዩሰር አግኝቷል። የቀረው የደራሲዋ ፈቃድ ነው።

«ስታገኛት ወይዘሮ እንዳትላት» አለችው ላሊሴ ወደ ሰበታ ይዛው ስትሄድ። «አዴ ጠጅቱ በላት። ደስ ይላታል።»

«አዴ ጠጅቱ» ብሎ ደጋግሞ ተለማመደው። ያደገው ጉለሌ ነው። ወላጆቹ ሱሉልታ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ የከፈቱት እሱ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ስለሆነ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም።

አዴ ጠጅቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፍቷል። እንግዳውን በድምፁ በኩል ዞረው ተቀበሉት።

«ውሃ ውስጥ ገብተህ መጽሐፌን የፈለግኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አዴ ጠጅቱ።»

«በሩን አገኘኸው?»

«ጠርሙስ ነው ያገኘሁት።»

ሳቁ። ሲስቁ ላሊሴን ይመስላሉ። «ሰው ስንት ነገር ጥሎበታል፣ በሩ የት ይታይሃል። በል፣ ሥራው። ዝይዋን ብትፈልግ አውሮፕላን አድርጋት። አንድ ነገር ብቻ፦ መጨረሻውን እንዳትነካብኝ። ዓይኔ አያየውም፤ ግን ሳልሞት ያቺን ቃል ከፊልሙ ልስማት።»

«መጨረሻውን ነው የወደድኩት» አለ ወንዲ። «ፈጽሞ አልነካውም።»

ከልቡ ነበር።

*

ያን በጋ ላሊሴ ከሥራ ስትወጣ ገፈርሳን ቁልቁል የሚያሳየው ጉብታ ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ይገናኙ ነበር። እሷ ከተገነጣጠለው መጽሐፍ ታነባለች፤ እሱ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። የሚጽፈውን አያሳያትም። «ሲያልቅ ለሁለታችሁ ባንድ ላይ አነብላችኋለሁ» ይላታል። እሷም አትጫነውም። ሲያስብ የታችኛውን ከንፈሩን መንከሱን፣ ሲያገኘው መልቀቁን ማየት ይበቃታል።

«ዛሬ ምን ላይ ደረስክ?»

«ሌላው አልቋል። የቦሩን ነገር ነው ያልቋጨሁት።»

«ከባድ ነው» ትለዋለች። «አዮም እዚያ ላይ ነው የቆየችው።» እናቷን አዮ ነው የምትላት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነፋሱ ቆመ። ውሃው እንደ ተወለወለ ዝርግ ትሪ ሆነ። ወንዲ ኮምፒውተሩን ዘጋና ሳያያት እንዲህ አለ፦

«ላሊሴ፣ ቦሩ ቢመጣ ደስ አይልሽም?»

መጽሐፉን ከደነች። ብዙ ወንዶች ብዙ ነገር ብለዋታል፤ ዓይንሽ፣ ፀጉርሽ፣ አረማመድሽ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ግን ማንም ብሏት አያውቅም። ይህ ልጅ ቋንቋዋን ሳያውቅ ከውስጡ አንዲት ቃል መዞ፣ ደጇ ላይ አመጣላት።

«ይመጣል ብለህ ታምናለህ?» አለችው በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ የማመጣው።»

ያኔ እጇን ሰጠችው። ቀዝቃዛ ነበር። በሁለቱም እጆቹ መሃል አድርጎ ያዘው። ከዚያ ወዲያ እሱ ሱሉልታ ሲሆን፣ እሷ ሰበታ ስትሆን፣ ስልክ ላይ የሚሉት ነገር ሲያልቅባቸው ዝም ብለው ይተነፍሳሉ። ክረምት ሲወጣ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት። አዴ ጠጅቱ ሰምተው «እንዳይቆረጥ ጫማውን አጥብቆ ይምጣ» አሉ።

*

ጽሑፉ ያለቀው ክረምት ሲገባ ነው። እሑድ ከሰዓት ሰበታ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ወንዲ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። አዴ ጠጅቱ አገጫቸውን መዳፋቸው ላይ አስደግፈው ይሰማሉ። የዝናብ ገበያው ላይ ፈገግ አሉ። መሰላሉ ላይ «ጎበዝ» አሉ። ላሊሴ ከሱ ይልቅ እናቷን ነበር የምታየው።

መጨረሻው ደረሰ።

«ልጅቷ፦ ‹ወንድሜን ጥሪልኝ።› ዝይዋ አንገቷን ታሰግጋለች፦ ‹ቦሩ!› ውሃው ይከፈላል። ቦሩ፣ ራሱ ላይ የውሃ ሣር እንዳለ፣ ከበሩ ይወጣል። ልጅቷ ፈገግ ትላለች። ቦሩ ሮጦ ያቅፋታል።»

ወረቀቱን አጠፈ።

አዴ ጠጅቱ አገጫቸውን ከመዳፋቸው አነሡ።

«ቦሩ ማነው?»

«ወንድሟ ነዋ» አለ ወንዲ፣ የሚያሾፉበት መስሎት እየሳቀ። «ዝይዋ የምትጠራው። መጨረሻ ላይ ፈገግ የምትለውም ስለመጣላት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ሄደ።

«ወንዲ» አለች ላሊሴ። ድምፅዋ ለራሷም ራቃት። «ቦሩ የሰው ስም ይሆናል። እዚህ ግን አይደለም። ቦሩ ማለት ነገ ማለት ነው።»

«ነገ?»

«ነገ።»

«የኛ ጎረቤት እኮ… ሱሉልታ፣ ከሱቁ ጎን በር የሚሸጡት… ኦቦ ቦሩ ነው የሚባሉት።» የተናገረውን ራሱ ሲሰማ ወረቀቱን ዘቅዝቆ አስቀመጠው።

አዴ ጠጅቱ አልተቆጡም። «ወንድሜ ዲሪርሳ ነበር የሚባለው» አሉ። «አንድ ጠዋት ለትምህርት እንደወጣ ቀረ። ዘመኑ ሰው የሚያስቀር ዘመን ነበር። እናቴን መቼ ይመጣል ስላት ‹ቦሩ› ትለኛለች። በማግሥቱም ‹ቦሩ›። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ፈገግ የምትለው ስለመጣ አይደለም፣ ልጄ። እንደማይመጣ ስለገባት ነው። ዝይዋ እንዳታዝን ብላ ነው።»

ወንዲ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አስተካክለዋለሁ» አለ። «ነገ ለአቶ ካሳሁን እነግራቸዋለሁ።»

ላሊሴ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። በአንድ ጃንጥላ ሥር እየሄዱ ያ የገፈርሳ አመሻሽ ትዝ አላት። ቦሩ ቢመጣ ደስ አይልሽም? ስለ አንድ በፊልም ስለሚወጣ ልጅ ነበር የጠየቃት። እሷ ግን ‹ነገ ቢመጣ› ብላ ነበር የሰማችው፤ እጇን የሰጠችው ላልተባለ ነገር ነው። ይህን ልትነግረው ፈልጋ ተወችውና ጃንጥላውን ወደሱ አዘነበለችለት።

*

«ነገርካቸው?»

«ዛሬ እንግዶች ነበሯቸው። ነገ።»

ሌላ ቀን፦ «ነገርካቸው?»

«የሚሠራውን ልጅ መርጠዋል፣ ላሊ። ፎቶውም ታትሟል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊልም ሙሉ በሙሉ የሱ ጀብዱ ነው። እንዲህ በቀላሉ… ነገ ደህና ሰዓት ፈልጌ።»

ከዚያም፦ «ነገ ሱሉልታ ሜዳ ለማየት እንሄዳለን። አንቺም ነይ። አንቺ ካለሽ አልፈራም።»

ሄደች። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ አቁሯል፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው። አቶ ካሳሁን ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ካሜራው የት እንደሚቆም በከዘራቸው እየጠቆሙ ይራመዳሉ። ወንዲ ከጎናቸው ጃንጥላ ይዞላቸዋል። ሲቀልዱ ቀድሞ ይስቃል።

«ይቺስ ቆንጆ ማን ናት?» አሉት።

«የደራሲዋ ልጅ ናት» አለ ወንዲ።

እውነት ነው። የደራሲዋ ልጅ ናት። ላሊሴ ሌላ ስም ጠብቃ እንደነበር ያወቀችው ያ ስም ሳይመጣ ሲቀር ነው።

«ለእናትሽ ንገሪልኝ» አሉ አቶ ካሳሁን። «ሕፃናቱ ቦሩን ይወዱታል። ሁለተኛው ላይ ንስር ይጋልባል።»

ወንዲን አየችው። ጫማውን ያያል።

«ቦሩ ሰው አይደለም፣ አቶ ካሳሁን» አለች ራሷ። «ነገ ማለት ነው። ልጁ አይመጣም። መጽሐፉ ስለዚያ ነው።»

አቶ ካሳሁን ከዘራቸውን ሣሩ ላይ ተክለው አሰቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ነገ የሚባል ልጅ» አሉ። «ለማስታወቂያ ጥሩ ነው እንጂ።» ከዚያ ወደ ወንዲ ዞሩ። «ጸሐፊው አንተ ነህ። ይቀየር ካልክ ተቀምጠን እንየው። መቀየር አለበት?»

አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የሚፈለገው። ላሊሴ የታችኛውን ከንፈሩን ሲነክስ አየች። እስኪለቀው ጠበቀች።

«እ… እናስብበት» አለ ወንዲ። «ነገ እንነጋገርበት።»

ሚኒባሱ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ወንዲ ብዙ አወራ። ሥራው ቢፈርስ ሠርጋቸውም እንደሚርቅ፣ አቶ ካሳሁን ሌላ ጸሐፊ ሊያመጡ እንደሚችሉ፣ እሱ ውስጡ ቢቆይ ግን ቀስ በቀስ ሊያሳምናቸው እንደሚችል። አንዱም ውሸት አልነበረም።

«መቼ ነው የምትነግራቸው?» አለችው።

ወንዲ ወደሷ ዞረ። ሊያስቃት ፈልጎ፣ እሷ ያስተማረችውን ቃል በእሷ አነጋገር፣ በትክክል አለው።

«ቦሩ።»

ላሊሴ ፈገግ አለች።

ወንዲ ይቅር የተባለ መሰለው። እፎይ ብሎ እጇን ያዘ፤ እሷም አልነጠቀችውም። አዲሱ ገበያ ሲደርሱ ወርዳ፣ ዞር ብላ በመስኮቱ እጇን አውለበለበችለትና የራሷን ታክሲ ፍለጋ ሄደች። ጫማዋ ከሱሉልታ ሜዳ ጀምሮ እንደራሰ ነበር።

*

የመጀመሪያው ፊልም ወጣ። ሰበታ ሚኒባሶች ላይ የልጁ ፎቶ ተለጠፈ፤ ራሱ ላይ የውሃ ሣር አለ። የሰፈሩ ልጆች ከቧንቧው አጠገብ ባቆረው ውሃ ውስጥ እየዘለሉ «ቦሩ መጣ!» ይላሉ። ኦሮምኛ የሚያውቁት ልጆችም አብረው ይላሉ። ለእነሱም አሁን ስም ነው።

ወንዲ ለምረቃው ሁለት የጥሪ ካርድ ልኮ ነበር። ማንም አልሄደም። አልፎ አልፎ ስልክ ይደውል ነበር፣ ከዚያም ተወ። ሽማግሌ አልመጣም፤ ላሊሴም አልጠበቀችም።

ጎረቤታቸው ብዙነሽ ናት ስልኳን ይዛ መጥታ ለአዴ ጠጅቱ ያሰማቻቸው። የውሃ ድምፅ ተሰማ። የዝይ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሙዚቃው ከፍ አለና የአንድ ልጅ ድምፅ «እህቴ፣ መጣሁ!» አለ።

አዴ ጠጅቱ እንደገና አስከፈቱት። ድምፁ የሚመጣበትን አቅጣጫ ፈልገው ፊታቸውን አዞሩ።

«ድምፁ ያምራል» አሉ።

ብዙነሽ ከሄደች በኋላ እናትና ልጅ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ገና ውሃው ውስጥ ይጮሃሉ።

«ያ ልጅስ?» አሉ አዴ ጠጅቱ።

«የቱ፣ አዮ?»

«ጠርሙስ የቆረጠው። ከመጣ ቆየ። መቼ ነው የሚመጣው?»

ላሊሴ ውሃው ውስጥ የሚዘሉትን ልጆች አየች።

«ቦሩ» አለች።

አዴ ጠጅቱ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉንጭ፣ ከዚያ ከንፈሯን ፈለጉ። ጣቶቻቸው በቀስታ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሄዱ።

ፈገግ ብላ ነበር።