የላንቃው ቁልፍ

ኤሌኒ፣ ኑሪ ከጦር ግንባር ከተመለሰ ወራት እንዳለፉት የሰማችው ጎፋ፣ የቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ነው። የነገረቻት የገዛ እህቱ ሐሚዳ ናት። ተራዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሰልፉን ጥላ ወደ እነሱ ቤት ገሰገሰች። ደሟ ፈልቷል።

ልጅ ሳለች ላንቃዋ ጠባብ፣ ጥርሶቿ የተደራረቡ ነበሩ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም፣ አጥንቷ ገና እያደገ ስለሆነ ይሰፋል ብሎ ላንቃዋ ላይ ብረት ገጠመላት። ብረቱ በየምሽቱ በትንሽ ቁልፍ መዞር ነበረበት። የእናቷ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ሥራው ከአባቱ ሰዓት መጠገን ለሚማረው ለጎረቤት ልጅ፣ ለኑሪ ተሰጠ። ቁልፉ እንዳይጠፋ ከማተቧ ጋር ታስሮ አንገቷ ላይ ይውላል። «ክፈቺ» ይላታል፤ ትከፍታለች። ብታለቅስም አያዝንላትም፤ ደግሞ «ክፈቺ» ይላታል።

ካደጉ በኋላ ተዋደዱ። እሷ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም፤ ሁለቱም ቤት ተቆጣ። እነሱም በተራቸው ተቆጡና ሊጋቡ ቆረጡ። ኑሪ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ የተወሰደው ይኼኔ ነው።

በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ኑሪ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ የተፈታታ ሰዓት ላይ አቀርቅሯል። ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን ሰበረ።

«መምጣትህን ከስኳር ሰልፍ ልስማ?»

ሻርፑን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ።

«ሞቷል ሲሉኝ ከል ልለብስ ነበር እኮ!»

«ጥይት አፌን መታኝ» አለ በተኮላተፈ ድምፅ። «ጥርስ አልቀረልኝም። በዚህ አፍ አግቢኝ ልበልሽ?»

«አንተ ማነህና ነው የምትወስንልኝ? ብረቱ ከወጣ በኋላ ማታ ማታ የጥርስ መያዣውን ፕላስቲክ ካላጠለቅሽ ላንቃሽ ተመልሶ ይጠብባል እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የነበርከው አንተ አይደለህም? እንካ እይ።» አፏን ከፈተችለት። «ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ጠበበ?»

በሰዓት ሠሪ ዓይኑ አተኩሮ አየ። «አልጠበበም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔስ ተለወጥኩ?»

ዓይኑ ወደ አንገቷ ወረደ። ቁልፉ ዛሬም ማተቧ ላይ ነው።

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ንዴቷ አልበረደም፤ እጇ ግን ሻርፑን የፈታው በቀስታ ነበር። ኑሪ ከንፈሩን ገጥሞ ዓይኑን ጨፈነ።

«ክፈት» አለችው።

እንባው ወረደ። ኤሌኒ አላዘነችለትም።

«ክፈት አልኩህ።»

ከፈተላት።