ባለ ስምንቱ ካርድ

«እኔንስ ማን ያወጣኛል?»

ፍቅርተማርያም ይህን ስትጠይቃት እናናየሁ ወደ መጋረጃው አየች። መጥረጊያዋን አጥብቃ ያዘች። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ወንዶች ይጠብቃሉ።

ያሉት ደብረ ብርሃን፣ የብርድ ልብስ መደብር ጓዳ ውስጥ ነው። እናናየሁ ሰላይ ናት። የምስጢር ስሟ «ባዘቶ»። የመደብሩ ባለቤት ሰይፈሥላሴ ግን የሚያውቃት ፊደል እንዳልቆጠረች የጽዳት ሠራተኛ ነው። ማንበብ የተማረችው ገና አምና ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። እሱ ይህን አያውቅም። ስለዚህ እሷ ፊት ወረቀት አይደብቅም።

ፍቅርተማርያም የእሱ ዋጋ ገማች ናት፤ እዚህ ቤት የእናናየሁን ምስጢር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በእጇ በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ አሮጌ ካርድ ይዛለች። ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች ጨዋታ የሚጫወት ሰው ምስል አለበት። ከሰባ ዓመት በፊት የታተመ ነው። ከምስሉ በላይ የካርድ መርማሪ ድርጅት ከአሥር የሰጠው ደረጃ ተጽፏል።

ስምንት።

«እትዬ፣ ይኼ ውሸት ነው» አለች በሹክሹክታ። «ማሸጊያው እውነተኛ ነው። ቁጥሩም መዝገባቸው ላይ አለ። ግን መዝገቡ ላይ ያለው ፎቶ ግራ ጥጉ ላይ ነጭ ጭረት አለው። ይኼ የለውም። ከፍተው ቀይረውታል።»

«እውነተኛው ስንት ያወጣል?»

«መሰሉ ባለ ስምንት ባለፈው ጨረታ ሰማንያ ሺህ ዶላር ተሸጧል። ባለ ስድስት ቢሆን ሩቡንም አያወጣም። ይኼ ግን የሻይ እንኳ አያወጣም።»

እውነቱን ከተናገረች ካርዱን በብራና የመለወጡ ስምምነት ይፈርሳል። ከአንኮበር ተሰርቆ ሰይፈሥላሴ እጅ የገባው ብራናም ይሰወራል። ከዋሸች ግን ካርዱን ያመጣው ቴዎፍሎስ ብራናውን ይዞ ይወጣል፤ ጣርማ በር ላይም ይያዛል።

«ሰማንያ ሺህ በዪው። መኪና ይመጣልሻል። አለቃዬ ቃል ገብቷል።»

«ማርያምን በዪ።»

«ማርያምን።»

ፍቅርተማርያም መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ጋሼ፣ ንጹህ ነው። ሰማንያ ሺህ።»

«አንቺ ልጅ፣ ያን ዓይንሽን ልሳመው!» አለ ሰይፈሥላሴ።

ቴዎፍሎስ ብራናውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሄደ። እናናየሁ ቆሻሻ ልትደፋ ወጣች። የቴዎፍሎስን መኪና ታርጋ ስልኳ ላይ በአንድ ጣቷ ጽፋ ለአለቃዋ ለአለምነህ ላከች። ወዲያው ደወለ።

«ባዘቶ፣ ጨርሰሻል። ውጪ።»

«የልጅቷ መኪናስ?»

«መኪና የለም።»

«ቃል ሰጥተኸኛል!»

«ባልሰጥሽ ታሳምኛት ነበር?»

ዘጋው።

እናናየሁ ተመለሰች። ሰይፈሥላሴ ፍቅርተማርያምን ከጎኑ አስቀምጦ ምሳ አዞላት ነበር። ልጅቷ አትበላም። መንገዱን ታያለች። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የሰይፈሥላሴ ስልክ ጮኸ። አዳመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

በሩን ቆለፈ።

«ቴዎፍሎስን ጣርማ በር፣ ዋሻው ጋ ይዘውታል። ታርጋውን ጽፎ የላከላቸው አለ።» ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጫረና ለእናናየሁ ዘረጋላት። «እስቲ ያዢ።»

በሁለት እጇ ተቀበለች። ጽሑፉ ተዘቅዝቆ ነው የመጣላት። እንደተዘቀዘቀ ያዘችው።

«ፖሊስ ከኋላሽ ነው» ይላል።

ዞር አላለችም።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ? ልጣለው?»

ሰይፈሥላሴ ሳቀ። «ይቺማ ዘቅዝቃ ይዛው! የመርፌ ቀዳዳና ፊደል ለሷ አንድ ነው።» ሳቁ ቆመ። ወደ ፍቅርተማርያም ዞረ። «እንግዲህ እዚህ ቤት የሚጽፍ ማን ቀረ?»

ፍቅርተማርያም እናናየሁን አየቻት። አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

«እሷን ያስወጧት፣ ጋሼ» አለች። «ምን ታውቃለች?»

እናናየሁ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። ከኋላዋ በሩ ተቆለፈ። ለአለምነህ አሥር ጊዜ ደወለች። አላነሳም። ፖሊስ ጣቢያ ሮጣ ሄደች። ከፖሊሶቹ ጋር ሲደርሱ መደብሩ ባዶ ነበር።

ብራናው ወደ አንኮበር ተመለሰ። ፍቅርተማርያም ከሳምንት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገደል ሥር ሞታ ተገኘች።

አለምነህ ለእናናየሁ አዲስ መታወቂያ ላከ፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ከተማ። ሴትዮዋ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደች። ፍቅርተማርያም ደብረ ብርሃን ቀረች።